ሦስት ጊዜ «ደህና ነህ?»

ድሬ ዳዋ ውስጥ በየሰፈሩ በአንድ መልስ የማይረካ ሰው አለ። ሐብሐብ ሦስት ቦታ ካላስቆረጠ አይገዛም፤ ቁልፉ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እያየ ደግሞ ያንኳኳል። የእኛ ሰፈር የከዚራ ድርሻ ክቡር ዐብዲገኒ፣ ሊቀ ድግግሞሽ ዘከዚራ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ክቡርነታቸው ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። ሥራቸው ኮምፒውተር ውስጥ ድሬን የመሰለች ከተማ ሠርቶ የደንጊ ትኩሳት መልቀቅ ነው። አንዷ ትንኝ ስንት ሰው ትነክሳለች? በሽተኛው ስንት ቀን ያስተላልፋል? ቁጥሩን ይገምታሉ፣ ከዚያ አምና በእውነት ከታመመው ሰው ብዛት ጋር ያስተያያሉ። ችግሩ፣ እዚያች ከተማ ንክሻው በዕጣ ነው። በዚያው ግምት አንዴ ቀበሌው በሙሉ አልጋ ይይዛል፤ አንዴ ራሱን የሚያመው እንኳ አይገኝም። ስለዚህ እያንዳንዱን ግምት መቶ ጊዜ ይደግሙታል። ቤታቸው ያለው አንድ ቬንትሌተር የሚነፍሰው ለኮምፒውተሩ ነው፤ እሳቸው ላባቸውን በሽርጣቸው ይጠርጋሉ።

«አቦ፣ አንዴማ አጋጣሚ ነው!» ይላሉ።

አመሉ ሰላምታቸው ውስጥም ገብቷል። ጠዋት በሬ ላይ ቆመው፣ በሶማልኛ አጎቴ ለማለት፣ «አዴር ዒልሚ፣ ደህና ነህ?» ይሉኛል።

«ደህና።»

«ደህና ነህ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ወላሂ ደህና ነህ?»

በሦስተኛው ደሜ ይፈላል። ባለቤቴ ፋርቱን ካረፈች ወዲህ ግን ደጄ ድረስ መጥቶ የሚያናግረኝ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ያንን ንዴት በየጠዋቱ በጉጉት እጠብቀው ነበር።

ዘንድሮ ጭንቅ መጣ። የደቻቱ ወንዝ ሳይሞላ፣ የየትኛው ሰፈር የውሃ በርሜል ቀድሞ መከደን እንዳለበት ለጤና ባለሙያዎች መንገር ነበረባቸው። በመቶ መቶው ድግግሞሽ ኮምፒውተሩ የሚጨርሰው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። ሳምንት ተዘግተው አንድ ዘዴ አመጡ፦ ሁሉም ግምት መጀመሪያ አምስቴ ብቻ ይሞከራል፤ መልሱ የለየለት ይተዋል። የወራቱ ሥራ በአሥራ አንድ ቀን አለቀ።

በማግስቱ ደጄ ላይ ቆሜ ሲመጡ አየኋቸው። ባለሱቋን ደሄቦን አንዴ ብቻ «ደህና ነሽ?» ብለው አለፉ። ባለባጃጁን ሙመድንም አንዴ። ልቤ ስንጥቅ አለ። ዓመት ሙሉ «ደህና» ብቻ ስል ከርሜያለሁ፤ የእኔማ መልስ ከማንም በፊት የለየለት ነው፤ እኔም ከሚተዉት ወገን ነኝ አልኩ።

ደረሱ። «ደህና ነህ?» አሉኝ። ደገሙ። ሦስት፣ አራት፣ ስድስት ጊዜ።

«ሌላውን አንዴ፣ እኔን ስድስቴ? ዘዴህ የት ገባ?»

«አቦ አዴር፣ ዘዴው እኮ ይሄ ነው! ከለየለት የተረፈው ሙከራ ለሚያጠራጥረው ነው የሚሰጠው። ያንተን "ደህና" ዓመት ሙሉ ሰማሁት፤ ወላሂ አንድም ቀን አላመንኩትም።»

ሰባተኛውን ጠየቀኝ። አንቱታው የት እንደገባ እኔም አላውቅም።

«አይደለሁም፣ ዐብዲገኒ» አልኩት።

ቤቱ ገብቶ ቬንትሌተሩን አመጣ፣ ወደ እኔ አዞረልኝና አጠገቤ ተቀመጠ።