ታሪካዊው የልብስ ማስጫ ገመድ

ከባሕሩ ጠረፍ ላይ የቆመችው ጥንታዊት ከተማችን ከወንበዴ፣ ከወባና ከምድር መንቀጥቀጥ የተረፈችው ለምን እንደሆነ የገባን ዘንድሮ ነው። ለካ ክቡር ከንቲባችን ኤርሜኔጂልዶ ስለ ልብስ ማስጫ ገመድ ውሳኔ እንዲያሳልፉ ኖሯል።

ጎብኚዎች በጠባቡ መንገዳችን ላይ ከመስኮት መስኮት የተሰጣውን ልብስ ፎቶ ማንሳት ይወዳሉ። ከንቲባው ጉዳዩን በጥልቀት አጥንተው «ቅርሳችን ይንጠባጠባል፤ የተጣፈም አለበት» አሉ። ስለዚህ ልብስ ማስጣት ተከለከለ። በምትኩ ውኃ ነክቶት የማያውቅ፣ እንደ ባንዲራችን ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ ሸሚዝ ተንጠለጠለ።

የተቃወሙት ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት፣ የማዘጋጃ ቤት ቤት ተከራይተው ያረጁት ሲኞራ ኢማኮላታ ብቻ ናቸው።

«ታዲያ የት ላስጣ?»

«ማድረቂያ ማሽን ይግዙ፣ ሲኞራ» አሉ ከንቲባው።

«አንተ ልጅ! እናትህ ገበያ ስትውል ሽንት ጨርቅህን አጥቦ እዚሁ ገመድ ላይ ያሰጣው ማን ሆነና ነው? ያኔ ቅርስ አልነበረም?»

ከንቲባው ሳቅ አልመጣላቸውም። በሳምንቱ ሲኞራን «ለገጽታ ግንባታ» ሲሉ ከቤታቸው አስወጧቸው። አሮጊቷ እያለቀሱ ተራራው ላይ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ቁልፉን የጠየቃቸው የለም።

ብዙም ሳይቆይ ጎብኚዎች «እዚህ ሰው ይኖራል?» ማለት ጀመሩ። ከንቲባችን መላ አያጡም። ከሚላኖ አንዲት ተዋናይት አስመጥተው፣ ፀጉሯን በዱቄት አሽብተው፣ በሲኞራ መስኮት አቆሟት።

በምረቃው ዕለት «እውነተኛ ኑሯችንን ወደ ቦታው መልሰናል!» ብለው ንግግር አደረጉ። ተጨበጨበ። ተዋናይቷም ብቅ ብላ እንደተነገራት ተጣራች፦

«ኑ ወደ ቤት፣ ምሳ ደርሷል!»

«መጣሁ!» አለ ከሕዝቡ መሐል አንድ የማውቀው ድምፅ።

ሲኞራ ኢማኮላታ የጎብኚ ባርኔጣ ደፍተው ገብተው ኖሯል። ደረጃውን ወጡ፤ በራቸውን በቁልፋቸው ከፈቱ፤ ከውስጥም ቆለፉ። ተዋናይቷን እንኳ አላባረሯትም፤ ርቧት ስለነበር ፓስታ ቀቀሉላት። ከዚያ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ በከንቲባው ራስ ላይ ጣሉና አንድ የተጣፈ ጨርቅ አጥበው እየተንጠባጠበ አሰጡ።

«እሱስ ታሪካዊ ነው?» አለ አንድ ጎብኚ ካሜራውን እያነሳ።

«እንዴታ! የከንቲባችን ሽንት ጨርቅ ነው» አሉ ሲኞራ።

ካሜራው ሁሉ ወደ ላይ ቀና አለ።

«ሲኞራ፣ በማርያም ያውርዱት!» አሉ ከንቲባው።

«የኪራይ ውሌን ስታድስልኝ።»

በከተማችን አንድ ማመልከቻ ቢያንስ ሁለት ክረምት ይፈጃል። ይህ ውል ግን ጨርቁ ሳይደርቅ ተፈረመ።