የኡስታ ኬልዲቤክ መስመሮች

በየከተማው አንድ "ዛሬ አይደርስም" የሚል ባለሙያ አይጠፋም። አንዳንዱ ጋ ጫማ ሰፊ ነው፣ ሌላው ጋ ሰዓት ጠጋኝ። የኛ የናሪን ከተማው ደግሞ የዱሮ ዲቪዲ ወደ ኮምፒውተር ፋይል የሚገለብጡት ክቡር ኡስታ ኬልዲቤክ ናቸው፤ ኡስታ የምንለው የእጅ ባለሙያን ነው። ሌላው ሻይ ጠጥቶ እስኪነሳ የሚጨርሰውን እሳቸው በወር አይጨርሱትም። አንዲት ሙሽራ የሠርጓን ፋይል የተረከበችው ልጇን ትምህርት ቤት ባስገባች ሰሞን ነው።

"አለቀ ወይ?" ሲሏቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው "መስመር አለ!" ይላሉ። የዱሮ ካሜራ አንዱን ሥዕል በሁለት ግማሽ፣ አንዱን ቀድሞ ሌላውን አስከትሎ ያነሳና አንድ ላይ ይሸምነዋል። የቆመ ሰው ደህና ይወጣል፤ የሚንቀሳቀስ ግን ዳር ዳሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። እሳቸው ለአንዲት የተሰነጣጠቀች ጉትቻ ሦስት ቀን ተቀምጠዋል።

እኔም የአባቴን ዲስክ ይዤ እጃቸው ላይ ወደቅኩ። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በኖሩዝ በዓል፣ ፈረሰኞች የፍየል በድን እየተናጠቁ ጉድጓድ ውስጥ በሚጥሉበት በኮክ ቦሩ ጨዋታ፣ አባቴ ኦሞር የመጨረሻዋን ግብ "ያገባሁት እኔ ነኝ" ይላል። የገዛ ቡድኑ ሰው፣ ጎረቤታችን ጁማሊም "እኔ ነኝ" ይላል። ዳኞች ለጁማሊ ፈረዱ። ጨዋታው በተቀረጸበት በዚሁ ዲስክ ላይ የሁለቱም እጅ በድኑን ይዟል። የአክስቴ ልጅ ሲገለብጠው ጭራሽ ሁለቱ እጆች ተዋህደው ጭጋግ ሆኑ። አባቴ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ "ሳልሞት እውነቱ ይውጣ" ማለት አብዝቷል። አሳዘነኝ።

"ኡስታ፣ የአባቴ የሰባ ዓመት ድግስ እኮ ቅዳሜ ነው!"

"ታዲያ ፈረሱ ተሰነጣጥቆ ይምጣ?"

"ፈረሱን ማን ያየዋል! እጁን ነው የምንፈልገው።"

"እጁም መስመር አለው ልጄ። ሌሎቹ ግማሹን ይጥሉታል፣ ወይ ያቦኩታል። እኔ ነጣጥዬ ነው የማወጣው። ሂድ፣ አታዋክበኝ!"

ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳማቸው ሰነበትኩ።

ቅዳሜ የበጉ ሥጋ ተበልቶ ሳያልቅ ኡስታ ዲስኩንና ፍላሹን ይዘው ከች አሉ። መቶ ሰው ፊት ቴሌቪዥኑ ላይ ሰኩና ያንን አንድ ሥዕል ለሁለት ከፍለው አሳዩን። በመጀመሪያው ግማሽ በድኑን የያዘው የአባቴ እጅ ብቻ ነው። በሁለተኛው በድኑ ከአባቴ እጅ ወጥቶ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፣ የጁማሊ እጅ ደግሞ ገና መድረሱ ነው፤ የጨበጠው አየር ነው። ሁለቱ እጆች አብረው የያዙት በመስመሩ ውስጥ ብቻ ነበር!

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ጁማሊ ተነስቶ የራሱን ካባ አባቴ ትከሻ ላይ ደረበለት። "ኦሞር፣ እኔም እኮ ከልቤ አምኜ ነው የኖርኩት" አለው። አባቴ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

"ኡስታ፣ ይባረኩ! ቁጭ ብለው ይብሉ እንጂ" ብላቸው ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም።

"የፈረሱ ጭራ ጋ መስመር ቀርቷል። ነገ መልሰህ አምጣልኝ።"

በማግስቱ ወሰድኩላቸው፤ የራሴን የሠርግ ዲስክም ጨመርኩበት። ይኸው አምስተኛ ወሩን ያዘ። ሚስቴ "አንተ ሰውዬ፣ ሄደህ ጠይቃቸው እንጂ!" ትለኛለች። እኔ ግን በሱቃቸው በኩል ሳልፍ እጅ ነስቼ ብቻ አልፋለሁ። ይቆዩበት። ለሠርጋችን እንደሳቸው የተጨነቀ ሰው የለም፣ እኛኑ ጨምሮ።