አማቴን ያከሳቸው ፍቅር

ሽማግሌን አስርቦ ለመጣል ጠላት አያስፈልግም፤ ተምረው ሥራ የያዙ ሦስት ልጆች ይበቃሉ። ከሦስቱ አንዷን አግብቻለሁና የምናገረው ከዳር ቆሜ አይደለም።

አማቴ አባባ ሳህሌ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ከጉንችሬ መጥተው ቡታጅራ እኛ ቤት ገቡ። ያኔ ክትፎ በቆጮ አጣጥመው የሚበሉ ደልደል ያሉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ራሳቸውን አዞራቸውና ክሊኒክ ወሰድናቸው። ሐኪሙ ትንሽ ግፊት ስላለ ጨው ይቀንሱ አለ። ያለው ይኸው ነው።

ወልቂጤ የሚያስተምረው ትልቁ ልጃቸው ግን "ይቀንሱ" የሚለውን "ያቁሙ" ብሎ አረመው፤ መምህር አይደል። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ደግሞ በቴሌቪዥን ከልማቱ ዜና ቀጥሎ ስለ ኮሌስትሮል ሰምታ ኖሮ፣ በስልክ ቅቤ ከለከለች። ባለቤቴም አባቷን በመውደድ ከእነሱ እንዳታንስ ሥጋውንና እንቁላሉን አስቀረች። እስቲ አስቡት... ጉራጌ ያለ ቅቤ፣ ያለ ሥጋ። ለክብራቸው ሲባል ለብቻቸው በትሪ የሚቀርብላቸው ጨው ያልነካው ጎመንና ደረቅ ቆጮ ሆነ። ከማዕድ በፊት የሚያደርሱት ጸሎት ከምግቡ ይረዝም ጀመር።

እኔስ? የተሠራ ክትፎ መጣል ነውር ስለሆነ ድርሻቸውን እየበላሁ ቤተሰቡን አገለገልኩ።

ሱሪያቸው ሰፋ። በቀትር ፀሐይ ጋቢ ይደርቡ ጀመር። እግራቸው ላይ ያለች ጭረት አልድን አለች። ጠያቂው ሁሉ "እርጅና ነው" ይለናል፤ እኛም ደስ ይለናል። ጥፋቱ የእርጅና ከሆነ ሌላ ማን ይጠየቃል? ትልቁ ልጅማ መጥቶ አይቷቸው፣ ቀለል ስላሉ አመስግኖን ሄደ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጉልበታቸው ከዳቸውና በራፋችን ላይ ወደቁ። የደነገጥኩት ላነሣቸው ሳቅፋቸው ነው። ጋቢው ውስጥ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ሆስፒታል የመረመረቻቸው ዶክተር መዘነቻቸው፤ ክንዳቸውን ለካች፤ ሱሪያቸው ከመቼ ወዲህ እንደሰፋም ጠየቀች። ከዚያ፣ "አባባ፣ ምን ይበላሉ?" አለቻቸው።

"የተፈቀደልኝን፣ ልጄ።"

ማን እንደከለከለ ስትጠይቅ ባለቤቴ መሬት መሬቱን አየች፤ እኔ ጣሪያውን። ምግብ ከሞላበት ቤት የመጡት ሰው በሽታቸው የምግብ እጥረት ነበር። ዶክተሯ እንዳስረዳችን ሽማግሌ ሲከሳ ምክንያቱ ይፈለጋል እንጂ በእርጅና አይሳበብም። ጨው መቀነሱ እንዳለ ሆኖ እንቁላል፣ ወተት፣ ደቆ የበሰለ ሥጋ፣ ቅቤም በልኩ፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ ቶሎ ቶሎ ይብሉ፤ በየወሩም ይመዘኑ አለች።

"ብቻዬን ስሆን ደግሞ አይወርድልኝም" አሉ አባባ ቀስ ብለው። ባለቤቴን ያስለቀሳት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከእኛው ጋር መቁረስ ጀመሩ። ውሎ አድሮ ፊታቸው ሞላ፤ ጭረቷም ዳነች። አንድ ምሽት እጄን ወደ ክትፎው ስሰድ፣ ሆዴን ትኩር ብለው አዩና ለልጃቸው በጉራጊኛ አንድ ነገር አሏት። የእኔ ጉራጊኛ የጥያ ነው፤ የእነሱ የጉንችሬው አነጋገር ያመልጠኛል። ምን እንዳሉ ጠየቅኳት።

"ግፊቱን ተለክቶ ያውቃል ወይ ነው የሚሉት" አለች ባለቤቴ፣ ሳህኑን ከፊቴ እያነሣች።