ከሥራ የተሰናበተችው ሽቦ

የሰው ልጅ ለቴክኖሎጂ ካበረከታቸው አስተዋጽኦዎች መካከል የእኔ ሳይመዘገብ መቅረቱ ያሳዝናል፤ ስለዚህ ራሴ ልመዝግበው። ምናለ እባላለሁ። ሐደራ በምትባል የእስራኤል ከተማ በአንድ ሙሳክ፣ ማለትም ጋራዥ፣ ለአራት ዓመት ወለል ጠርጌአለሁ። በዚህ ከፍተኛ የሥራ ልምድ መነሻነት የሰፈራችን የቤት ኤሊዔዘር ሰዎች «መሐንዲሱ» ይሉኛል፤ እኔም አንድም ቀን አላረምኳቸውም።

ሱባሩ መኪናዬን ለዓመታዊው ቴስት፣ ማለትም ለመኪና ምርመራው፣ ላዘጋጅ ከሥሯ ገባሁ። የጭስ ማውጫውን ከመኪናዋ ወለል ጋር የምታያይዝ አጭር የተጎነጎነች ሽቦ አየሁ። የጭስ ማውጫው በላስቲክ ተንጠልጥሏል፤ ሽቦዋ ምንም አልተሸከመችም። ጥልቅ ግምገማ አካሂጄ፣ ያለ ሥራ ቦታ ይዛ መቀመጧን ካረጋገጥኩ በኋላ በፒንሳ ከሥራ አሰናበትኳት።

ብሎካችን ውስጥ ራዲዮ በደንብ ስለማይይዝ፣ አመሻሽ ላይ የአማርኛው ዝግጅት ሲደርስ ሽማግሌዎቹ መኪናዬ ውስጥ ይሰበሰባሉ። እኔም ማዝጋኑ፣ ማለትም የአየር ማቀዝቀዣው፣ እንዲያቀዘቅዛቸው ሞተሩን አስነሳለሁ። በዚያ ሳምንት ግን ከዜና አንባቢው ይልቅ የሚሰማው ትርርር የሚል ጩኸት ሆነ።

«ምንድነው ይሄ፣ ልጄ?» አሉ አባ ገሠሠ።

«ከጣቢያው ነው» አልኩ። መሐንዲስ አላውቅም አይልም። «የእኛን ሰዓት ሆን ብለው በደካማ ማሽን ነው የሚያስተላልፉት።»

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። «ጉዳዩ፦ በአማርኛ ሞገድ ላይ የደረሰውን በደል ይመለከታል» የሚል ደብዳቤ አርቅቄ፣ ስድሳ ሰው አስፈርሜ እሁድ ላክሁ።

ከሁሉ የተጨነቁት የባለቤቴ እናት፣ እማማ ደጅቱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 ወደዚህ ሲመጡ እህታቸው ኮኮቤ ጎንደር ቀርታ፣ እስካሁን የመምጫ ተራዋን ትጠብቃለች። ድምጿን ከሰሙ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሐሙስ በራዲዮ ልትናገር ነበር።

ሐሙስ ቀትር ላይ ለሙሳኩ ባለቤት ለዮአቭ ነገሩን አወራሁት። ከመኪናዋ ሥር አየና ሳቀ።

«ሐቢቢ፣ ሽቦዋን ማን ቆረጣት?»

«ምን ትሠራ ነበር?»

«ላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ያለ እሷ ሞተሩ ሲሠራ የጭስ ማውጫው እንዳለ አንቴና ይሆንና ጩኸቱን ራዲዮው ውስጥ ይለቀዋል። እሷ ከመኪናው አካል ጋር ስታገናኘው ዝም ይላል። አዲሷ እሁድ ትመጣለች። እስከዚያ ራዲዮ ስትሰሙ ሞተሩን አጥፋ፣ ዜሁ።»

ለእሱ ዜሁ፣ አለቀ። እኔ ግን ስድሳ ፈራሚ አለብኝ፤ ሞተሩን ባጠፋ ጥፋቱ ከጣቢያው አለመሆኑ ሊታወቅብኝ ነው።

አመሻሽ ላይ እማማ ደጅቱ ከፊት፣ አባ ገሠሠ ከኋላ ተቀመጡ። ሞተሩን አስነሳሁ። ጋዜጠኛው «ወይዘሮ ኮኮቤ» አለ፤ ከዚያ ትርርር።

«የታለች? ምን አለች?» እማማ ደጅቱ ጆሯቸውን ራዲዮው ላይ ለጠፉ። እንባቸው ወረደ።

«እነዚህ ጨካኞች!» አሉ አባ ገሠሠ ጣቢያውን።

ጨካኙ መሪ ይዞ ተቀምጧል። አፈርኩ። ቁልፉን አንድ እርከን መልሼ ሞተሩን ብቻ አጠፋሁት፤ ጩኸቱ ቆመ።

«...ደጅቱ እህቴ፣ እኔ ደህና ነኝ። ፀጉሬ ሸብቷል፤ ስታዪኝ እንዳትደነግጪ።»

እማማ ደጅቱ እያለቀሱ ሳቁ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት አባ ገሠሠ ቀደሙኝ።

«ደብዳቤው ሠራ! በአራት ቀን! ግን ሞተሩን ለምን አጠፋኸው?»

«ለድምጿ ክብር» አልኩ።

እማማ ደጅቱ እጄን ያዙ። «ምናለ ልጄ፣ እህቴን አምጡልኝ ስል ቢሮው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ቆዪ› ይለኛል። ያንተ ደብዳቤ ለካ በአራት ቀን ይሰማል። ስለ ኮኮቤም አንድ ጻፍልኝ።»

ያኔ እንኳ መናገር እችል ነበር። «መቼ ልጀምርልዎ?» ነው ያልኩት።

«አሁን» አሉና ከቦርሳቸው ብዕር አወጡ። ማንበብና መጻፍ የማይችሉት እማማ ደጅቱ ብዕር ይዘው እንደሚዞሩ ያን ቀን አወቅሁ።