መርፌውን እንኳ ለእኔ ተዪልኝ

ጠላት ያለው ሰው ምን ቸገረው? ጠላቱን ሲያይ መንገድ ይቀይራል፣ በሩን ይዘጋል፣ ቢብስበት ይከሰዋል። መከራው ረጂ ላለው ሰው ነው። ረጂህን በምን አፍህ ትከሳለህ? ዳኛው ራሱ «ታዲያ ምን በደለችህ?» ብሎ ያሳፍርሃል። በየቤተሰቡ እንዲህ ያለች ሴት አትጠፋም። የጫማህን ክር ሳታስር ጎንበስ ትላለች፣ ሻይህን ቀምሳ ስኳሩን ታስተካክላለች፣ ሐኪም «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ሲልህ ቀድማህ ትመልሳለች። በእኛ ቤት ይህን ሥልጣን የያዘችው ታላቅ እህቴ፣ የረድኤት ጠቅላይ አዛዥ፣ ክብርት እትዬ ራማሪ ናት። ማንም አልሾማትም፣ ማንም አይሽራትም።

የእትዬ ራማሪ አዋጅ ሁለት ቃል ናት፤ «እኔ እያለሁ?» ድንች ልልጥ ቢላ ሳነሳ «እኔ እያለሁ?» ትላለች፤ ቢላው እጇ ገብቷል። እኔ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ፣ የጀልባ ሞተር ብሎን በብሎን ፈትቼ የምገጥም ሰው ነኝ። በእሷ ፊት ግን አምፖል እንኳ ቀይሬ አላውቅም። አንድ ጊዜ የገዛ ልደቴን ሻማ እፍ ብላ አጥፍታልኛለች፤ ሳል ይዞኝ ስለነበር ነው አለች። ከእሷ ጋር መከራከር ውሃ መውቀጥ ስለሆነ አመሰግናለሁ ብዬ ኬኬን በላሁ።

ችሎታዋ የሚታየው ለቅሶ ቤት ነው። እኛ ማኦሪዎች፣ የዚህች ደሴት ነባር ሕዝቦች፣ ሬሳን ብቻውን አናሳድርም። የጎሳችን መሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ አስተኝተን፣ እስኪቀበር ድረስ ቀናት አብረነው እንቀመጣለን፤ እንግዳ ሲመጣ ሲሄድ ይሰነብታል፣ የመጣ ሁሉ ይበላል። የዚያ ሁሉ ሕዝብ ወጥ ቤት በእትዬ ራማሪ እጅ ነው። በምንኖርበት በሆኪያንጋ ወሽመጥ ዙሪያ እሷ ያላበላችው ሐዘንተኛ ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው።

ኩላሊቶቼ ሥራ ያቆሙ ጊዜ እትዬ ራማሪ የተቆጣችው ኩላሊቶቼን ነበር። ወዲያው የራሷን ልትሰጠኝ ሄዳ ተመረመረች፤ ሐኪሞቹ ስኳር አለብዎት ብለው መለሷት። በሕይወቷ እርዳታዋን እምቢ ያሏት እነሱ ብቻ ስለሆኑ እስካሁን ስማቸውን በበጎ አታነሳም።

ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ቀረበልኝ። ወይ ከተማ ገብቼ፣ ቤት ተከራይቼ፣ ሆስፒታል እየተመላለስኩ የኩላሊት እጥበት ማድረግ፤ ወይ ማሽኑን ቤቴ አስገብቼ ደሜን ራሴ ማጠብ። እናታችን በመጀመሪያው መንገድ ነው የሄደችው። ከወሽመጡ ርቃ፣ የመኪና ማቆሚያ በሚያሳይ መስኮት ሥር ተኝታ ሞተች። ራማሪ ያን ጊዜ መንገድ ላይ ነበረች፤ አልደረሰችላትም። ከዚያ ወዲህ የትም ረፍዶባት አያውቅም፤ ሁሉም ቦታ ከሰው ቀድማ ትገኛለች። እኔም ያን መስኮት አስታውሳለሁና እዚያ መሞት አልፈልግም። ቤቴ ሆኜ ባሕሩን እያየሁ መኖር ነው የምፈልገው። ማሽን ወደ ቤት የሚፈቀደው ግን ሁለቱን መርፌዎች በገዛ እጁ በገዛ ክንዱ ላይ ለሚተክል ሰው ብቻ ነው ተባልኩ። አንዱ መርፌ ደሙን ወደ ማሽኑ ያወጣል፣ ሌላው የታጠበውን ይመልሳል። ውፍረታቸው የጃንጥላ ዘንግ ያህላል ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ፤ እስኪ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እዩት።

ይህን ለመማር ከተማ ወዳለው ማሠልጠኛ ስንገባ እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ አጋዥ ይዞ መምጣት እንደሚችል ተነገረን። «እንደሚችል» የምትለዋን ቃል ክብርት እህቴ ጆሮ ዳባ ልበስ አለቻት።

አሠልጣኛችን ከሕንድ የመጣች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሲስተር ቢንዱ የምትባል ነርስ ናት። በመጀመሪያው ቀን አንዱ ሠልጣኝ የሻይ ስኒውን መርፌዎቹ የሚዘረጉበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። በእኛ ዘንድ ደምና ምግብ አይገናኙም፤ የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ እንኳ ከልብስ ጋር አይታጠብም። እትዬ ራማሪ ስኒውን አነሳች፣ ጠረጴዛውን ፈተገች፣ ምሳ ሳይደርስ ክፍሉን በሙሉ ለሁለት ከፈለችው፤ በዚህ በኩል የሚበላ፣ በዚያ በኩል የሚደማ። ሲስተር ቢንዱ ይህንኑ ለስንቱ ሠልጣኝ ለምና ሰሚ አጥታ ኖራ ነበርና እህቴን በዚያው ቅጽበት ወደደቻት። እኔም በዚያው ቅጽበት አለቀልኝ።

መጀመሪያ የምንወጋው የላስቲክ ክንድ ነው። እኔ ጠረጴዛውን ወጋሁ። እትዬ ራማሪ ማን ጠየቀሽ ሳትባል ተነሥታ አንድ ጊዜ ሰካችውና ከቱቦው ቀይ ውሃ ብልጭ አለ። ሠልጣኙ ሁሉ አጨበጨበላት። እሷም ዕድሉ ሳያመልጣት ወደ ሲስተር ቢንዱ ዞረች።

«አየሽ ልጄ፣ እኔ ብወጋው አይሻልም? ይሄ እኮ ከልጅነቱ ፈሪ ነው።»

«እትዬ ራማሪ፣ ለቅሶ ሲኖር የት ነዎት?»

«ወጥ ቤት ነኛ። ሌላ የት እሆናለሁ?»

«እስከ መቼ?»

«እስኪቀበር ነዋ።»

«የሱ ደም እስኪቀበር አይጠብቅም» አለች ሲስተር ቢንዱ። «እጁ ግን ሁልጊዜ አብሮት አለ።»

በሆዴ ለሲስተር ቢንዱ አጨበጨብኩላት። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ እትዬ ራማሪ ስትሸነፍ ምግብ ትሠራለችና። ለማሠልጠኛው ሰው በሙሉ ድንችና ጭስ የጠገበ ዓሣ ጭና መጣች። ሲስተር ቢንዱ ይህ ሁሉ ለኩላሊት በሽተኛ መርዝ እንደሆነ አስረዳቻት። ዓሣው ለነርሶቹ ተሰጠ፤ ድንቹን ሁለት ጊዜ ቀቅለው ውሃውን ቢደፉት ጉዳቱ እንደሚቀንስ ሲነገራት፣ ለጥንቃቄ ብላ ሦስት ጊዜ ቀቀለችው። ሦስት ጊዜ የተቀቀለ ድንች በልታችሁ ካላወቃችሁ እርጥብ ጋዜጣ ሞክሩ፤ እሱ እንኳ የሚነበብ ነገር አለው።

እውነተኛው ክንድ ላይ ስደርስ ነገሩ ከበደ። ሐኪሞች ግራ ክንዴ ውስጥ ሁለት የደም ሥሮች አጋጥመው፣ አንዱ አብጦ እንደ ገመድ ቆዳዬ ሥር ተጋድሟል። ጣት ሲያርፍበት ሥራ ፈትቶ እንደቆመ ሞተር ይንተከተካል። ቆዳውን ወጠር፣ መርፌውን ጋደል፣ ደም ብልጭ ሲል ዝቅ አድርገህ ግፋ፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። በቃሌ አጠናሁት። መርፌው ቆዳዬ ጋ ሲደርስ ግን እጄ ቀጥ ይላል። ሰው የገዛ ክንዱን እንዴት ይወጋል? ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ክብርትነቷ ለዚህም መድኃኒት ነበራት፤ ጸሎት። መርፌ ከመነሣቱ በፊት ክንዴ የሚያደነዝዝ ቅባት ይቀባል፤ ቅባቱ ደግሞ የራሱ ዕድሜ አለው። እትዬ ራማሪ ቆማ ለእኔ ጸለየች፣ ለሲስተር ቢንዱ ጸለየች፣ መርፌውን ለሠሩት የፋብሪካ ሠራተኞች ጸለየች፣ ከዚያ አያቶቻችንን ወደዚህ ምድር በጀልባ ከመጡበት ጊዜ ጀምራ በየስማቸው ትጠራ ገባች። አሜን ስትል ቅባቱ ለቆ ክንዴ እንደ ሌሊት ዘበኛ ነቅቶ ጠበቀኝ። እንደ አዲስ ተቀባሁ። በሚቀጥለው ቀን ሲስተር ቢንዱ ጸሎቱ መኪና ውስጥ እንዲያልቅ በትሕትና ለመነቻት።

የገዛ ክንዴን የምወጋበት ቁርጡ ቀን ሐሙስ ነበር። ይህን ለእትዬ ራማሪ መናገሬ ጥፋቴ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከወሽመጡ አንድ ሙሉ ሚኒባስ ዘመድ መጣ። ሲስተር ቢንዱ ሁለት ሰው ይግባ አለች፤ በእህቴ አቆጣጠር ሁለት ማለት ሁለት ረድፍ ነው። በእኛ ወግ ሰው ከሕዝብ ፊት ቆሞ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ወገኖቹ ከኋላው ተነሥተው ይዘምሩለታል። ያልተዘመረለት ንግግር ራቁቱን ነው፤ ለተናጋሪውም ለወገኑም ውርደት ነው። እነሱም መርፌዬን እንደ ንግግር ቆጥረው፣ ተደርድረው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጠበቁኝ።

ቆዳዬን ወጠርኩ። መርፌውን አጋደልኩ። ገፋሁ፤ ገባ። ደሙ ቱቦው ውስጥ ብልጭ አለ፣ እኔም አምቄ የያዝኩትን ትንፋሽ «እህ» ብዬ ለቀቅኩ። መርፌውን ዝቅ አድርጎ መግፋት ገና ይቀረኝ ነበር። እትዬ ራማሪ ግን ትንፋሼን የንግግሩ መጨረሻ አደረገችውና ዜማውን አነሣች። ከኋላዬ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ድምጽ ሲነሣ እጄ ዘለለ፣ መርፌው በሥሩ ማዶ ወጣ፣ ክንዴ ዓይኔ እያየ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ሲስተር ቢንዱ መርፌውን ነቅላ በጨርቅ ተጭና ያዘች። ዜማው አልቆመም፤ የተጀመረ ዝማሬ ከመሃል አይቆረጥም። ክንዴ እየጠቆረ ሁለተኛውን አንቀጽ ጨረሱልኝ፣ ደግሞም አሳምረው።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ መጣ። ክንዴ እስኪያገግም እጥበቴን በአንገቴ በሚገባ ቱቦ ላደርግ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ልሞከር፤ ካልሆነ ግን ከተማ ውስጥ ቤት ብፈልግ እንደሚሻል ነገረኝ። የእናታችን መስኮት ታየኝ። እትዬ ራማሪ ከጎኔ ሆና «ቤቱን እኔ እፈልግልሃለሁ» አለች። ፀጥ ያለች፣ ፀሐይ የሚገባባት ቤት እንደምታውቅ፣ እሷም አብራኝ እንደምትገባ፣ መጋረጃውን እንደምትሰፋ ትነግረኝ ጀመር። ያኔ ነው የፈነዳሁት።

«እትዬ፣ ውጪልኝ» አልኳት።

«ምን አልክ?»

«ውጪልኝ። ድንቹን ላጪ፣ ጫማዬን እሰሪ፣ ለሐኪሙም አንቺው መልሺለት። መርፌውን እንኳ ለእኔ ተዪልኝ። እንደ እማማ እዚህ ታስቀሪኛለሽ እኮ።»

ስለ እናታችን የተናገርኩት ቃል ከአፌ እንደወጣ ደነገጥኩ። እሷ አልተቆጣችም። ቦርሳዋን አነሳች፣ «እሺ» አለች፣ ወጣች። ከእህቴ አፍ «እሺ» ስሰማ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዳሰብኩት ደስ አላለኝም።

ክንዴ አገግሞ የተሞከርኩ ቀን ክፍሉ ውስጥ እኔና ሲስተር ቢንዱ ብቻ ነበርን። በመስኮቱ ሳይ እትዬ ራማሪ ግቢው ውስጥ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሁለት እጇ ግን መሪው ላይ ነው። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። እየፈራሁ ወጠርኩ፣ እየፈራሁ አጋደልኩ፣ አንደኛው ገባ፤ ሁለተኛውም ገባ። ሲስተር ቢንዱ «ደህና ነው» አለች፣ ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ተከልኩ፣ ማሽኑን ማሰናዳትና ማንቂያው ሲጮህ ምን እንደማደርግ ተማርኩ፣ ፈቃዴ ተፈረመ። እትዬ ራማሪ ያን ሁሉ ጊዜ ከመኪናዋ አልወረደችም። ወደ ማደሪያችን ስትመልሰኝ «አመመህ?» ትለኛለች፤ «አዎ» እላታለሁ፤ መንገዱን እያየች ትነዳለች።

ማሽኑ አሁን ቤቴ ውስጥ፣ ባሕሩን በሚያሳየው ጓዳ ቆሟል። የመጀመሪያውን ዕለት ሲስተር ቢንዱ እዚህ ድረስ መጥታ አብራን ዋለች። በሁለተኛው እጥበት ግን ብቻዬን ነበርኩ። እትዬ ራማሪ መርፌ ሲተከል ክፍሉ ውስጥ ላትገባ ምላለች፤ በሩ ውጪ እንደቆመች ያወቅሁት ወለሉ ሲንቋቋ ነው። ያ ሁሉ ሥልጣን፣ ያ ሁሉ አዋጅ፣ በባዶ እግሩ ደጄ ላይ ቆሞ አይተነፍስም። እመኑኝ፣ ዝምታዋ ከዝማሬዋ የባሰ አስጨናቂ ነው። መሳሳት እንኳ አልተመቸኝም።

አንደኛውን ተከልኩ። ሁለተኛውን ተከልኩ። መርፌዎቹን የሚይዙልኝን ፕላስተሮች ቆርጬ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አንጠልጥያለሁ፤ በአንድ እጅ መለጠፉን ደግሞ እችልበታለሁ። ሁሉንም ለጠፍኩና አንዷ ስትቀር እጄን መለስኩ። መርፌዎቹ ደህና ተይዘዋል፤ የቀረችው ብትለጠፍም ባትለጠፍም ችግር አልነበረውም።

«እትዬ ራማሪ» ብዬ ተጣራሁ።

አቤት ሳትል በሩ ተከፈተ።

«ይቺን ፕላስተር እጄ አልደርስባት አለ።»

ፕላስተሯን አየቻት። ከእጄ አንድ ስንዝር አትርቅም። እህቴ ደግሞ ብዙ ነገር ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም። ሄዳ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ተመልሳ ፕላስተሯን ክንዴ ላይ ለጠፈችና በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘች። ፕላስተሩ ከያዘ ቆይቷል። ጣቷን ግን አላነሣችም፣ እኔም አንሺ አላልኳትም።