ተዝካሯን የበላንላት ጎረቤት

ሰው ስለ ሩቅ ሰው ጥፋት ሲጽፍ ብዕሩ እንዴት እንደሚሮጥለት አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስተውያለሁ፤ የእኔም ብዕር ሮጦልኛል። ሥራዬ ማስተማር ነው። ከማስተማር የተረፈኝን ሰዓት ደግሞ ሦስተኛ ዲግሪ የሚባል ነገር ይበላዋል። የማጠናው ስለ ስደት ነው፦ ሰው ከአገሩ ወጥቶ ሰው አገር ሲገባ እንዴት ይቀላቀላል፣ ማን በሩን ይከፍትለታል፣ ማንስ ይዘጋበታል የሚለውን። እኛ የተማርን ሰዎች ይህንን «ውህደት» እንለዋለን። ጥሩ ቃል ነው። ስብሰባ ላይ ስትናገሩት ሰው ራሱን ይነቀንቃል፣ ምን ማለት ነው ብሎ የሚጠይቅም የለም።

እዚህ ሰቆጣ ቁጭ ብዬ፣ መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሬን እየሰካሁ፣ ሲሄድ እየተራገምኩ፣ ስለነዚያ ብርዳም አገሮች ያልጻፍኩት የለም። ስደተኛው አንድ ሕንፃ ላይ ዓመታት ይኖራል፣ ጎረቤቱ ግን ሰላም አይለውም። ደረጃ ላይ ድንገት ከተገናኙ ጎረቤትየው ቁልፍ የጠፋበት መስሎ ኪሱን እየዳበሰ ያልፋል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። «ኧረ እነዚህ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» እላታለሁ ባለቤቴን የሺን፤ «ሰው ከጎናቸው ብቻውን ሲበላ እንዴት ያስችላቸዋል?» የሺ ሽንኩርቷን መክተፏን ትቀጥላለች። በዚህ ንዴት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍኩ። የሚያማክሩኝ ፕሮፌሰር፣ ራሳቸው ከዚያው ከብርዳሙ አገር የሆኑ ሴትዮ፣ አንብበው ከጨረሱ በኋላ በስልኬ መስታወት ውስጥ ፈገግ አሉ። «መልካም ነው» አሉኝ፤ «አሁን ደግሞ ወደ ራስህ ሰፈር ዙርና ከስደት የተመለሰውን ሰው እናንተ እንዴት እንደተቀበላችሁት አጥና።»

ይሄማ ቀላል ነው አልኩ በሆዴ። እኛ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን። ይህን ያልነገርነው ሰው ካለ እስካሁን ስላላገኘነው ነው።

እንግዲህ ከአዝመራ ጋር ላስተዋውቃችሁ። የእሷን እናት ግቢና የእኔን ግቢ የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። እኔ ሳስነጥስ ከወዲያ ማዶ «ይማርህ» የምባልበት ቅርበት ነው። አዝመራ ዓረብ አገር ሠርታ እናቷን ልትጦር በጅቡቲ በኩል ወጣች። ብዙም ሳይቆይ የተሳፈረችበት ጀልባ ሰጠመ የሚል ወሬ መጣ። ወሬውን ያመጣው አብሯት የወጣ የአበርገሌ ሰው ነው፤ እሱ በሌላ ጀልባ ተሻግሮ፣ የእሷ ጀልባ አለመድረሱን ሰምቶ ነበር። ሽማግሌ ተሰብስቦ መርዶ ተነገረ። እናቷ እትዬ ለምለም የሚይዛቸው ጠፋ። መምሬ ኃይሉ አስከሬን በሌለበት ፍትሐቱን መሩ። ልብሷ ለነፍሷ ተብሎ ለሰው ተሰጠ። በአርባዋም ተዝካር ወጣ።

ተዝካሯን በላን። የሰፈሩ ሰው በሙሉ በላ። እኔም በላሁ፤ ዋሽቼ ምን ይጠቅመኛል፣ ወጥ አስጨምሬ ነው የበላሁት።

አዝመራ ግን አልሞተችም። ጀልባው ሞልቷል ተብላ ከመነሣቱ በፊት አውርደዋት ኖሯል። በኋላ በሌላ ተሻገረች፣ ስልኳን ተቀማች፣ ሰው ቤት ተዘግቶባት ሠራች፣ በመጨረሻም ተይዛ፣ ታስራ፣ በአውሮፕላን ተመለሰች። አንድ ከሰዓት በኋላ ከወልድያ ከመጣው አውቶቡስ ወርዳ በባጃጅ እናቷ ደጅ ደረሰች። እትዬ ለምለም አይተዋት ወደቁ፣ ተነሡ፣ አቅፈዋት ደግሞ ወደቁ። እልልታው ገበያው ድረስ ተሰማ። በዚያ ሳምንት ሁላችንም እየሄድን «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» አልናት። የሄድነው ግን እስከ በሩ ነው። ከበሩ ያለፈ፣ ተቀምጦም የቀመሰ ሰው አልነበረም።

አትፍረዱብን ልላችሁ አልችልም፤ ብቻ ራሳችሁን በእኛ ቦታ አድርጉት። ተዝካሯን የበላችሁላትን ሰው መንገድ ላይ ብታገኟት ምን ትሏታላችሁ? «ደህና ነሽ ወይ?» እንዳትሉ፣ ደህና አለመሆኗን አምናችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ተቀምጣችኋል። ይባስ ብሎ ለቅሶው ላይ የተናገርነው አለ። እኛ ሰውን በቁሙ ማመስገን አንወድም፣ ይኮራብናል ብለን እንፈራለን። ሲሞት ግን የሚያቆመን የለም። የአዝመራ መልክ፣ የአዝመራ ሙያ፣ የአዝመራ የእናት ፍቅር፣ ሁሉም ያን ቀን ወጣ። ዕድሜዋን ሙሉ «ይቺ ቀበጥ» ሲሏት የኖሩ ሁሉ ደረታቸውን መቱላት። አሁን እሷው ራሷ ውሃ ይዛ ስታልፍ፣ ያ ሁሉ ያልነው ነገር ጉሮሯችን ላይ ይቆማል።

መምሬ ኃይሉ ከሩቅ ሲያዩዋት በሌላ ቅያስ ይታጠፋሉ። ለነፍሷ ተብሎ ቀሚሷ የተሰጣት ጎረቤታችን አሰፉ ቀሚሱን መልበስም መመለስም አቅቷት ሣጥን ውስጥ ከታዋለች፤ ለመመለስ ምን ብላ ትጀምር? እኔስ ብትሉ፣ እኔ ስደርስባት ኪሴን እዳብሳለሁ። አዎ፣ እኔው። አንድ ቀን እጄ ኪሴ ውስጥ እያለ ያ ምዕራፍ ትዝ አለኝና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ጥናቱ ግን ጥናት ነውና ጎረቤቶቼን እየዞርኩ ጠየቅሁ። ከስደት የተመለሰች ሰው ከኅብረተሰቡ ለመቀላቀል ምን ያስቸግራታል? «ምንም!» ይላሉ ሁሉም። «ልጃችን አይደለችም እንዴ!» ይላሉ፣ ዓይናቸው ግን መሬት ላይ ነው። እኔም መሬት መሬት እያየሁ እጽፋለሁ። ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢያየን አንድ ነገር ጠፍቶብን እሱን የምንፈልግ ይመስለው ነበር።

ወደ ራሷ ወደ አዝመራ የሄድኩት መጨረሻ ላይ፣ ግድ ሲሆንብኝ ነው። እንደተቀመጥኩ ጠላ ቀዳችልኝ። ጨጓራዬን አሞኛል አልኳት። ጨጓራዬ ደህና ነበር።

«ከተመለስሽ ወዲህ» አልኳት፣ ድምፄን የመሥሪያ ቤት ድምፅ አድርጌ፣ «ጎረቤት ቤትሽ ገብቶ ያውቃል?»

ትክ ብላ አየችኝ። «እርስዎስ ገብተው ያውቃሉ መምህር?»

«ይኸው ገባሁ አይደል?»

«አሁንማ ለሥራዎ ነው የገቡት።»

እናቷ አማርኛው ፈጥኖባቸው ኖሮ ከጥጉ ሆነው በኽምጣኛ ምን ይላል ብለው ጠየቋት። «ሰው ለምን ቤታችን አይገባም ነው የሚለው» አለቻቸው በዚያው በኽምጣኛ። እትዬ ለምለም ወደ እኔ እንኳ ሳያዩ «እሱ አያውቅም?» አሉ። እኔም ኽምጣኛ የአፌ መፍቻ መሆኑን የረሱት ይመስል፣ እንዳልሰማ ሆኜ ወረቀቴን ገለጥኩ።

አዝመራ ቀጠለች። «እዚያ ሳለሁ ማንም ሰው ብሎ አይቆጥረኝም ነበር። አይከፋኝም፣ አያውቁኝማ። እዚህ ግን የሚሸሸኝ የሚያውቀኝ ነው። ለአስተርዮ ማርያም ፍየል አርዳለሁ፣ ጠላውም ደርሷል፣ ሰፈሩን በሙሉ ጠርቻለሁ። ሰው ከገባልኝ እኖራለሁ። ካልገባልኝ ደግሞ ደላላውን ቅዳሜ እነሣለሁ ብዬዋለሁ።»

«በዚያው በባሕሩ?»

«በዚያው። ባሕር ላይ የሞተ ሰው ቢያንስ እየኖረ ሞተ አይባልም።»

ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ምናልባት አመሰግናለሁ ብያት ይሆናል፤ ለመጠይቅ ማብቂያ እንዲያ እንላለንና።

የአስተርዮ ማርያም ዕለት ደረሰ። ሁላችንም ስንጠራ «እሺ፣ እንመጣለን» ብለን ነበር። እኛ ቤት ከረፋዱ ጀምሮ ጭቅጭቅ ሆነ። የሺ «ሂድ እንጂ» ትለኛለች፤ እኔ «አንቺ ቅደሚ» እላታለሁ። «የተማርከው አንተ» ትለኛለች። እኔም፣ አፌን ይቁረጠውና፣ «አጥኚ በሚያጠናው ነገር ውስጥ እጁን ካስገባ ውጤቱ ይበላሻል» አልኳት። የሺ ያን ቀን ያየችኝን አስተያየት ከተጋባን ወዲህ አይቼው አላውቅም።

በካቡ ላይ አሻግሬ አየሁ። አግዳሚው ተደርድሯል፣ ገበታው ቀርቦ ተሸፍኗል፣ አዝመራ ንጹሕ ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። አንዲት ዶሮ ገብታ በአግዳሚዎቹ መካከል ትንጎራደዳለች። ከሌሎቹም ግቢዎች በየካቡ ላይ ራስ ብቅ ይላል፣ መልሶም ይጠልቃል። ሁሉም ማን እንደሚቀድም ነው የሚያየው። አንድ ሰው ቢቀድም ሁላችንም ተከትለን እንገባ ነበር። ያ አንድ ሰው እኔ መሆን እችል ነበር። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አዝመራ ከበሩ ላይ ወደ ውስጥ ገባች፤ እኔም ከካቡ ወርጄ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። አፈርኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

እሪታው የተሰማው ያኔ ነው።

እኛ አገር እሪታ ሲሰማ መማከር የለም። የተጣላም ይሮጣል፣ የታመመም ይነሣል፣ ከገበታ ላይ ያለ ጉርሻውን ይዞ ይወጣል። የሺ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቀደመችኝ። እትዬ ለምለም ናቸው አልኩ በልቤ፤ የልጃቸውን ባዶ ቤት አይተው ልባቸው አልቻለም፣ ገደልናቸው። መምሬ ኃይሉ መስቀላቸውን ይዘው ሮጡ። አሰፉ ደረቷን እየመታች መጣች። በለቅሶ የምንረዳዳበት የቅሬያችን ዳኛ አያ ግደይ በከዘራ ደረሱ። ጡሩምባ ነፊው ሳይቀር ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ጡሩምባውን ይዞ ከተፍ አለ። ያ ሲጠራ ያልመጣ ሰፈር ግቢውን በአንድ ጊዜ ሞላው።

እትዬ ለምለም ግን በሩ አጠገብ በእግራቸው ቆመው ነበር። ከፊታቸው አዝመራ በአንድ እጇ ውሃ፣ በአንድ እጇ መታጠቢያ ሳህን ይዛለች። እሪ ያለችው እሷው ናት።

«ማን ነው የሞተው ልጄ?» አሉ አያ ግደይ እያለከለኩ።

«እኔው ነኝ አያ» አለች። «ስሞት ነው የምትመጡልኝ ብዬ ነው። ግቡ፣ እጃችሁን ታጠቡ።»

በእሪታ ከተጠራበት ቤት ሳይቀመጥ የሚመለስ ሰው እኛ ዘንድ ነውረኛ ነው፤ ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን። አንድ በአንድ ገባን። ለእያንዳንዳችን ጎንበስ እያለች አስታጠበችን። እኔ ጋ ስትደርስ እጄን ዘረጋሁ እንጂ ቀና ማለት አልቻልኩም። «ጨጓራዎ ተሻለዎት መምህር?» አለችኝ። ተሽሎኛል አልኳት።

በላን። ከመንጋጋ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። የዚያን ዓይነት ዝምታ እንኳን በድግስ፣ በለቅሶም አላየሁም። አንድ ሰው አንድ ነገር ካልተናገረ እንደምንታነቅ ሁላችንም ገብቶናል። በመጨረሻ አያ ግደይ ጉርሻቸውን ዋጡና ስለ ወጡ ለማመስገን ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

«ይኸኛው ይሻላል» አሉ። «የፊተኛው ጨው አንሶት ነበር።»

የሁላችንም እጅ እገበታው ላይ ቀረ። አያ ግደይ ያሉትን የሰሙት ካሉት በኋላ ነው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። መምሬ ኃይሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከጥጉ እትዬ ለምለም ነበሩ የመለሱላቸው፣ በቀስታ፣ በኽምጣኛ። «ጨው የጨመርኩት እኔ ነኝ። እያለቀስኩ መቅመስ አቃተኝ።»

አሰፉ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ፣ ወረቀትና ጥናት ይጥፋ። አዝመራ ግን እናቷን አየች፣ አያ ግደይን አየች፣ ከዚያ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ ኋላ ሆዷን ይዛ ግድግዳ እስክትደገፍ ድረስ ሳቀች። እኛም እንባችን ሳይደርቅ አብረናት ሳቅን። ጠላው ተቀዳ። ወሬ ተጀመረ። እንዴት እንደተረፈች፣ እንዴት እንደታሰረች፣ እዚያ ምን እንደበላች ሰው ጠየቃት፤ እኔ በመጠይቅ ያላገኘሁትን ሁሉ ለአሰፉ ነገረቻት።

«ቅዳሜ ትሄጃለሽ የሚሉት እውነት ነው?» አሏት አያ ግደይ።

«የት እሄዳለሁ አያ? ገና የሁላችሁም ቤት ገብቼ እበላለሁ። ከመምህር ቤት ነው የምጀምረው።»

«እሰይ!» አለች የሺ፣ ቤቱን ሁሉ ባስደነገጠ ድምፅ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብተወው ለእኛም ክብር ነበር፤ እናንተም ደግ ሰዎች ናቸው ብላችሁ ትሰናበቱን ነበር። ነገር ግን አወጣጣችን ይቀራል። በእሪታ ተጠርተን፣ ነጠላ ዘቅዝቀን የመጣን ሰዎች ነን፤ አፋችን የለመደውን ያውቃል። አያ ግደይ ከሁሉ ቀድመው ተነሡ፣ ከዘራቸውን ተቀበሉ፣ የበሩን ደፍ ተሻገሩና ወደ አዝመራ ዞረው፣ ዕድሜ ልካቸውን ከለቅሶ ቤት ሲወጡ የሚሉትን አሉ።

«ነፍስ ይማር።»

ከኋላቸው የነበርን ሁሉ ደረቅን። አዝመራ የሽማግሌውን ክንድ ያዘች፣ ደግፋ ከደጁ ድንጋይ አወረደቻቸው፣ ከዚያም ቀና ብላ ሁላችንንም አየችን። ምሬትም፣ ቀልድም ፊቷ ላይ አልነበረም።

«የእናንተንም ይማር» አለች።

አሜን አልን። መምሬ ኃይሉም ጭምር፣ ከልባችን።