ለመርከብ የተላኩ ሽማግሎች

ጡረታ ሲነሳ ሰው የሚጨነቀው ለሰው ብቻ ነው። በሬ እንኳ አርሶ አርሶ ሲደክም መጨረሻው ምን እንደሆነ እያወቅን፣ በዓሉን በደስታ እናከብራለን። ባሕር በሌለበት አትላንታ ተቀምጦ ለጡረተኛ መርከብ መጨነቅ ግን፣ እኔ እስከማውቀው፣ የአቶ ተካ ብቻ ነው።

አቶ ተካ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል የመርከብ ሞተር ሠራተኛ ነበሩ። ከዚያ ስደት፣ ከዚያ አትላንታ ዳር ያለችው ስኮትዴል። አሥራ ምናምን ዓመት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲጠግኑ ኖረው በዘጠናዎቹ መጨረሻ ጡረታ ወጡ። የመሥሪያ ቤታቸው ሰዎች ኬክ ቆረሱላቸው። በማግስቱ ሶፋ ላይ ተቀመጡ፤ ወራት አለፉ፣ እሳቸው አልተነሱም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ጸበሉንም ሐኪሙንም ሞከሩ። ሰውየው ጤነኛ ናቸው ተባለ። ጤነኛ ሰው ቁጭ ባለበት ሲያልቅ ማየት እንዴት እንደሚያስፈራ ያየው ያውቀዋል።

አንድ ቅዳሜ ልጃቸው ሳሮን፣ እዚሁ አሜሪካ አድጋ ኢንጂነር የሆነችው፣ ጋዜጣ ይዛ መጣች። እኔም ልጠይቃቸው ሄጄ እዚያው ነበርኩ። ፎቶው ላይ ዝገት የበላት ቀይ መርከብ አለች፤ ሳቫና በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንድ የመርከብ ግቢ ውስጥ ቆማ ልትቆራረጥ ነው።

"የመብራት መርከብ!" አሉና አቶ ተካ ብድግ አሉ።

ለማታውቁት ላስረዳ፤ እኔም ያወቅኩት ያን ቀን ነው። የመብራት ግንብ ሊሠራበት በማይቻል ባሕር ላይ መልሕቋን ጥላ፣ ትልቅ መብራት ምሰሶዋ ላይ ሰቅላ የምትቆም መርከብ ናት። መርከብ ሆና የትም አትሄድም። ሥራዋ ሌሎቹ አለት ላይ እንዳይወጡ እዚያው መገኘት ነው። አቶ ተካ ለሥልጠና ውጭ አገር በሄዱበት ጊዜ ጭጋግ ውጧቸው፣ መንገድ ያሳየቻቸው እንዲህ ያለች መርከብ ናት። በኋላ ሰው የማይፈልግ መብራት ተሠራና መርከቦቹ ከሥራ ወጡ። ጥቂቶቹ ሙዚየም ሆኑ፤ ብዙዎቹን ግን ወንዝ ዳር አስረው ረሷቸው። ስንቱን ያሻገረች መርከብ የወፍ ማደሪያ ስትሆን፣ እውነቴን ነው፣ አንጀት ይበላል።

"አባዬ፣ ጀስት ኮል አድርጋቸው" አለች ሳሮን።

"በስልክ?" አሉ አቶ ተካ። "የነፍስ ጉዳይ በስልክ አይለመንም። ሽማግሌ ይላካል!"

እኔ ያኔ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሽማግሌ የሆንኩት ቫን ስላለኝ ነው። ዋናው ሽማግሌ እዚያው አቅራቢያ ፓይን ሌክ የሚኖሩት፣ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የሌላቸው ጋሽ በቀለ ነበሩ። እሳቸውም መንገድ ላይ ክርክር አነሱ። "ባለጉዳይ ለራሱ ሽማግሌ አይሆንም፤ ተካ መኪና ውስጥ ይጠብቀን።"

"ባለጉዳይዋ እኮ መርከቧ ናት" ብለው አቶ ተካ ረቱ።

በዚያ የሐምሌ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰን፣ ነጠላ ደርበን ቢሮው ገባን። የግቢው ባለቤት ቀላ ያለ ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ወንበር አቀረበልን። አልተቀመጥንም። ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባልለት እንደማይቀመጥ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እሱ በየት በኩል ይወቅ? ወንበሮቹ የቆሸሹ መስሎት በጨርቅ ወለወላቸው። አልተቀመጥንም። ከሌላ ክፍል ሻል ያሉ አስመጣ። ጋሽ በቀለ እጅ ነስተው ምርቃቱን ያወርዱት ጀመር፤ እኔ እተረጉማለሁ፣ ላቤ ይንቆረቆራል። "እግዚአብሔር ልጆች ይስጥህ" ላይ ስደርስ ሰውዬው አምስት እንዳሉትና እንደሚበቁት በትሕትና ገለጸልን። ከዚያ አቶ ተካ በገዛ እንግሊዝኛቸው ስለ ጭጋጉ ነገሩት።

ሰውዬው የወንበር መወልወያውን ጨርቅ አስቀመጠ። "እዚህ ተጎትታ ከመጣች ጀምሮ ስለ እሷ የጠየቀኝ ሰው የለም" አለ። "አላስቆርጣትም። ቦታውም ይሁንላት። ግን ጠባቂ ትፈልጋለች፤ ውሰዷት፣ የእናንተ ናት።"

ምሕረት ልንለምን ሄደን መርከብ ተሰጠን። ሽማግሌ ደግሞ እሺ ሲባል "ኧረ ይቅርብን" አይልም። ሦስታችንም ባንድ ጊዜ ተቀመጥን።

ከዚያ ወዲህ የማኅበራችን ሰው ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የአራት ሰዓት መንገድ እየነዳ ዝገት ፋቂ ሆነ። ጋሽ በቀለ ቀለም ቀቢዎችን ያስታርቃሉ። አቶ ተካ ጥቁር ዘይት ተቀብተው ይቆጣሉ፣ ያዝዛሉ፣ ይበላሉ፤ እኔማ ሰው በመቆጣቱ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሳሮን የኤሌክትሪክ ገመዱን ከአባቷ ጋር እየተጨቃጨቀች ዘረጋች።

መብራቱ ያለቀ ዕለት መሸት እስኪል መጠበቅ ነበረብን። ግን በማግስቱ ቅዳሴ አለ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ አበራነው። መርከቧ ላይ የወጣነው ሁሉ ከወለሉ አንጋጠጥን። ሰማዩ እንደ መብራቱ፣ መብራቱም እንደ ሰማዩ ነው።

"አባዬ፣ ኦን ነው እንዴ? ምንም አይታየኝም" አለች ሳሮን ከምሰሶው ሥር።

አቶ ተካ መሰላሉን አስወጧት፤ እጇን ያዙና መስታወቱ ላይ አሳረፉት።

"ኦ! ይሞቃል!" ብላ ጮኸች።

ወይዘሮ አልማዝ ወደቡ ላይ ቆመው ምን እንደተባለ እንኳ አልሰሙም። የባላቸውን ፊት አዩና እልልታውን አቀለጡት።